የቃልኪዳን ክሊራንስ

ጡረታ ከወጣሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ርክክቡ ብቻ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። መጽሐፍ በመጽሐፍ፣ ወንበር በወንበር፣ እግሩ የተሰበረው ሉል እንኳ ሳይቀር ተቆጥሮ ለተተኪዬ አስረከብኩ። ተተኪዬ ሰላማዊት ትባላለች። ዕድሜዋ ከልጄ ያንሳል፤ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ እጇ አይያዝም። ቁልፉን ስሰጣት "እትዬ ሙሉ፣ ከመምህራንና ከወላጆች ጋር አብሮ መሥራት የሚባለው ከምኑ ነው የሚጀመረው?" አለችኝ። "ከሻይ ነዋ!" ብያት ስቄ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ግን በራሴ ተናደድኩ። ልጅቷ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። ያጨበጨቡልኝን ሥራ ማንም ይነግራታል፣ የምስክር ወረቀቱም ግድግዳው ላይ ተሰቅሎላታል። ያጠፋሁትን ግን ከእኔ በቀር የሚነግራት የለም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ወደ ቤተ መጻሕፍት የገባሁት ወድጄ አይደለም። ሃያ ሁለት አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። ጉሮሮዬ ታመመና ሐኪሙ "ድምፅ አታውጪ" አለኝ። ያኔ ጉሮሮው የታመመ፣ ወገቡን የያዘው፣ ከርዕሰ መምህሩ ጋር የተቃቃረ መምህር ሁሉ የሚላከው ቤተ መጻሕፍት ነበር። ማገገሚያ በሉት። የመጀመሪያ ቀን እያለቀስኩ ነው የገባሁት።

እዚያ ጋሽ ደምሴን አገኘሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ካኪ ካፖርታቸውን ከሰኔ እስከ ሰኔ የማያወልቁ የመጽሐፍ ሰው ነበሩ። ማልቀሴን አዩ። አዲስ መጽሐፍ አንስተው በጀርባው ጠረጴዛ ላይ አቆሙት። መጀመሪያ ሁለቱን ሽፋኖች ግራና ቀኝ አስተኙ፤ ከዚያ ከፊት ጥቂት ገጽ፣ ከኋላ ጥቂት ገጽ እያሉ በአውራ ጣታቸው ቀስ አድርገው እየተጫኑ መሐሉ ደረሱ። "እንዲህ ካላለማመድሽው የመጀመሪያው ተማሪ ሲከፍተው ወገቡ ይሰበራል" አሉኝ። ሌላውን መጽሐፍ ለእኔ ሰጡኝ። የተገነጠለውን ደግሞ ሰም በተቀባ ክር ይሰፋሉ፤ ሙጫውን ራሳቸው ከዱቄት ያበስሉታል፤ ከላዩ ድንጋይ ጭነው ያሳድሩታል። ሙጫው ትንሽ ከቀጠነ እንደገና ነው የሚያስጀምሩኝ። ስንቴ በሆዴ እንደረገምኳቸው!

ዓርብ ዓርብ በሻይ ሰዓት ትንሽ ደብተራቸውን ይዘው መምህራን ክፍል ይገባሉ። "ሰኞ ምንድን ነው የምታስተምረው?" ብለው አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። "ጋሽ ደምሴ ደግሞ ኢንስፔክተር ሆኑ!" እያሉ ይቀልዱባቸዋል። ሰኞ ጠዋት ግን መምህሩ የሚፈልገው መጽሐፍ፣ ገጹ ላይ ወረቀት ተሰክቶበት፣ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀዋል። ወር ሳይሞላ መምህራኑ ራሳቸው ናቸው ዓርብን የሚጠብቁት። ይህን ልማድ እኔም እስከ ጡረታዬ አልተውኩትም።

ሌላም ያስተማሩኝ ነበር። መጽሐፍ ሲጠፋ መጀመሪያ የራሳቸውን መደርደሪያ ይፈትሻሉ። ቀጥለው የመምህሩን ጠረጴዛ ያያሉ። ከዚያ በእግራቸው ሄደው ሰፈሩን ይጠይቃሉ። ተማሪውን የሚጠይቁት መጨረሻ ነው። "ለምን?" አልኳቸው አንድ ቀን። "ልጅ ከተጠረጠረ መጽሐፉ ቢገኝ እንኳ ልጁ አይገኝም" አሉኝ። እኔም ሰማሁ፣ ራሴን ነቀነቅሁ።

ከዚያ ወደ ሳሊተ ምሕረት ተዛወርኩ። ቤቴ እዚያው ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታዬ ግን ለምሳ እንኳ አልደረሰም። ርዕሰ መምህሩ የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ኪሳቸው ይዘውት ነው የሚዞሩት። ንብረት እንዳይጎዳ ነው ምክንያታቸው። እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል፤ ልጆቹ በሰልፍ ገብተው ይቀመጣሉ፤ ፎቶ ይነሳል፤ ይዘጋል። "መጽሐፉስ ደህና ነው፣ ጌታዬ፤ የተጎዳው ልጁ ነው" ብላቸው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ወረቀቱ አሁንም ፋይሌ ውስጥ አለ። እዚያ ስምንት ዓመት ስታገል ኖሬ፣ በመጨረሻ የካ አባዶ አዲስ ትምህርት ቤት ተከፈተ ሲባል ጠይቄ ሄድኩ።

የካ አባዶን የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው። ኮንዶሚኒየሙ ማለቂያ የለውም። ወላጅ በጠዋት ተነስቶ ታክሲ ይሰለፋል፤ ማታ ሲመለስ ልጁ ተኝቷል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት መልስ ደረጃው ላይ ነው የሚውሉት። ፊዚክስ የሚያስተምር ዮናስ የሚባል ወጣት ባልደረባ ነበረኝ፤ እሱም እዚያው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራል። አንድ ዓርብ ደብተሬን ይዤ ስጠይቀው "እትዬ ሙሉ፣ መጽሐፍ ለእኔ ማምጣቱን ይተዉት። ልጆቹ ያሉበት ይሂድ" አለኝ። የት ብዬ ስጠይቀው ኮሚናሉን ነገረኝ። ኮሚናል ማለት ነዋሪው ሠርጉንም ለቅሶውንም የሚያደርግበት የጋራ ቤት ነው። ሌላ ጊዜ ባዶውን ነው የሚውለው፤ መብራት አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው።

የነዋሪው ኮሚቴና የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ሸምሱ ነበሩ፤ ብሎኩ ሥር ሱቅ ያላቸው ነጋዴ። ነገሩን ስንነግራቸው ስኳር መመዘናቸውን አቁመው "ልጅ ለሚያነብበት ቤት እኔን ማስፈቀድ አያስፈልግም። ሰዓቱን ብቻ ንገሩኝ፣ እከፍታለሁ" አሉ። የኛ ርዕሰ መምህር አቶ ፍሬው ግን በጄ አላሉም። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ኦዲት ይፈራሉ። "ከግቢ የወጣ መጽሐፍ አይመለስም" አሉ። እኔም ጉራዬ መጣና በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነስቼ "አንዲት ቅጠል ብትጎድል እኔ አለሁ!" አልኩ። አፌን በቆረጠው! ሠላሳ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አጋዥ መጻሕፍት መርጠን በብረት ሳጥን ቆለፍንና ወሰድን።

ሳጥኑን የምትይዝ ተማሪ ዮናስ መረጠ። ቃልኪዳን ናት። እናቷ ወይዘሮ ማርታ ከወላይታ መጥተው ሃያ ሁለት አንድ ሆቴል ውስጥ ጽዳት ይሠራሉ። ልጅቷ ብዙ አታወራም፤ መጽሐፍ ስትቀበል ግን በሁለት እጇ ነው። የሳጥኑን ቁልፍ ሰጠናት፣ መረከቢያው ላይም አስፈረምናት። አያችሁ፣ ጥፋቱ ከዚህ ይጀምራል። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ቆመን በሠላሳ መጽሐፍ ልጅ አስፈረምን።

ሥራው ግን ሠመረ። ከሰዓት በኋላ ልጆች ይሰበሰባሉ፤ ቅዳሜ ዮናስ ያስጠናቸዋል፤ ሥራ የሌላቸው ወላጆች በየተራ እየተቀመጡ ሥርዓት ያስከብራሉ። አንዲት እናት ማንበብ ሳይችሉ መጽሐፍ የሚያድሉት እሳቸው ነበሩ፤ በሽፋኑ ቀለም ለይተው ያውቁታል። አቶ ፍሬው እንኳ አንድ ቀን መጥተው አይተው "ይሁን" አሉ። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን መሬት አልበቃኝም።

ብሔራዊ ፈተናው ደረሰ። ተፈታኞቹ ዓርብ ጠዋት በአውቶቡስ ወደሚፈተኑበት ዩኒቨርሲቲ ይሄዳሉ። ከዚያ በፊት ክሊራንስ አለ፤ ተማሪው መጽሐፍ መመለሱን ቤተ መጻሕፍት ካልፈረመ የመፈተኛ ካርዱ አይሰጠውም። ረቡዕ ጠዋት ጠረጴዛዬን በር ላይ አውጥቼ መፈረም ጀመርኩ። ሰልፉ እስከ ሰንደቅ ዓላማው ደርሷል። ቃልኪዳን ተራዋ ደርሶ ወረቀቷን አስቀመጠች።

"ሳጥኑስ?" አልኳት።

"ቲቸር ዮናስ መልሰውት የለም እንዴ፣ እትዬ?"

"ለማን?"

"እኔንጃ… ከቦታው ሳጣው እሳቸው የወሰዱት መስሎኝ ነው።"

 ዮናስ በዚያን ቀን ለፈታኞች ገለጻ ሌላ ቦታ ነበር። ሰልፉ ፊት ደወልኩለት። "እኔ? አልነካሁም። ቁልፉ ቃልኪዳን ጋ ነው። እንደውም እሷ የመለሰችው መስሎኝ ነበር" አለኝ። መስኮቱ ላይ አቶ ፍሬው ቆመዋል። ያ ስብሰባ፣ ያ ጉራዬ፣ ሁሉም ባንዴ ፊቴ መጣ። ተነሳሁ።

"ሌባ!" አልኳት። "ቲቸርሽ ላይ ታላክኪያለሽ ደግሞ? ያመነሽን ሰው ነው የምትሰርቂው? መጽሐፎቹን የት ሸጥሻቸው?"

ጉሮሮዬ ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።  ልጅቷ አላለቀሰችም። ወረቀቷን ከጠረጴዛው አነሳች። "አልሰረቅሁም" አለችና ሄደች። ከኋላዋ የነበረው ተማሪ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ቀና ብሎ አላየኝም። እኔም ፈረምኩለት፣ ቀጠልኩ።

ሐሙስ ጠዋት እናቷ መጡ። ከሥራ ቀርተው ነው። "እትዬ፣ በጌታ ስም እለምንዎታለሁ" አሉኝ። "ከትናንት ጀምሮ ደብተር አልያዘችም። ደረጃ ለደረጃ እየወጣች በር ታንኳኳለች። ሰው አልጋ ሥር ሳይቀር ታስፈትሻለች። ነገ አውቶቡሱ ይሄዳል። ይፈርሙላትና መጽሐፉን እኛ እንፈልግ።"

"መጽሐፉ ይምጣ፣ እፈርማለሁ" አልኳቸው።

አሁን ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። ፈርሜ በኋላ መፈለግ እችል ነበር፤ ማን ይገድለኛል? ቢበዛ ሌላ ማስጠንቀቂያ ነው፣ እሱን ለምጄዋለሁ። ግን እልህ ያዘኝ። ወይዘሮ ማርታ ሊወጡ ዞሩና፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ፣ "ያኔ ለለቅሶው ቤቱ ሲለቀቅ ይሆናል የጠፋው" አሉ።

"የምን ለቅሶ?"

"ባለፈው ሳምንት የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ አርፈው ኮሚናሉ ለለቅሶ ተለቆ አልነበር? ከዚያ ወዲህ ነው ሳጥኑ የታጣው።"

እኔ ሳሊተ ምሕረት ነው የምኖረው፤ ለቅሶውን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ማንንም አልጠየቅሁም።  የጋሽ ደምሴን ሥርዓት ከጭራው ነበር የጀመርኩት። ልጅቷን መጀመሪያ፣ ሰፈሩን መጨረሻ። ሴትዮዋን ይዤ በቀጥታ ወደ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ሱቁ ተዘግቷል። ለዐረፋ ከነቤተሰባቸው አገር ቤት ገብተዋል። ስልካቸው አይሠራም።

የዕድሩን ገንዘብ ያዥ አገኘናቸው፤ ሻለቃ ይባላሉ፣ የቀድሞ ወታደር። "ለለቅሶው ዕቃ ሲነሳ ሸምሱ አንድ ሳጥን ዕቃ ቤት አስገብቷል መሰለኝ" አሉ። ዘልዬ ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝም። "እንክፈተው!" አልኩ። ሻለቃ ቀዝቀዝ ብለው አዩኝ። የዕድሩ ዕቃ ቤት በሦስት ቁልፍ ነው የሚዘጋው፤ አንዱ እሳቸው ጋ፣ አንዱ ጸሐፊው ጋ፣ አንዱ ጋሽ ሸምሱ ጋ። ሦስቱ ሰዎች አብረው ካልቆሙ በሩ አይከፈትም። የዕድሩ ሕግ ነው።

"እንስበረዋ!" አልኩ።

"ማኅበሩ ሳይሰበሰብ?" አሉ ሻለቃ። "ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ የስንት ድሃ መዋጮ ያለበት ቤት ነው። ነገ አንድ ማንኪያ ቢጎድል ሌባ የምባለው እኔ ነኝ። እርስዎስ ቢሆኑ የቤተ መጻሕፍትዎን ቁልፍ ያሰብራሉ?"

  ሰውዬው ልክ እኔን ሆነው ነው የቆሙት። ከሰዓቱን ሙሉ ጋሽ ሸምሱ ጋ ስንደውል ዋልን። "የደወሉላቸው ደንበኛ…" የምትለውን ሴትዮ ድምፅ እስክጠላ። እስኪመሽ አልተገኙም። ያን ጊዜም መፈረም እችል ነበር። ሳጥኑን በዓይኔ ካላየሁ ብዬ አልፈረምኩም። ይህን ሁለተኛውን ነው ከመጀመሪያው ይበልጥ ለራሴ ይቅር የማልለው።

ዓርብ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሻለቃ ደወሉልኝ። ጋሽ ሸምሱ ኔትወርክ ያለበት ከፍታ ላይ ወጥተው መልሰው ደውለውላቸዋል። "ወላሂ እኔ ነኝ ያስገባሁት!" ብለዋል። "የመንግሥት ንብረት ለቅሶ መሐል እንዳይጠፋ ብዬ። ለልጅቷ እነግራለሁ ስል ጉዞው አዘናጋኝ። ስበሩት! ቁልፉን እኔ እገዛለሁ!" ታክሲ ኮንትራት ይዤ ስደርስ ሻለቃና ጸሐፊው በመዶሻ ሦስተኛውን ቁልፍ እየመቱ ነው። በሩ ተከፈተ። ሳጥኑ ከትላልቆቹ ድስቶች ኋላ፣ እርጥበት እንዳይነካው በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የዕድሩ መዝገብ ላይ እንኳ ተጽፏል፤ "የትምህርት ቤት ሳጥን፣ አንድ" ይላል። ከእኔ የበለጠ ጠብቀውታል። መቁጠር አላስፈለገኝም፤ ቁልፉ እንዳለ ነው።

ትምህርት ቤት ስንደርስ አውቶቡሶቹ ሞተር አስነስተዋል። አቶ ፍሬው በር ላይ ቆመው ስም ይጠራሉ። ወይዘሮ ማርታ ልጃቸውን በግድ አምጥተዋት ከአጥሩ ውጭ ሻንጣዋን ይዛ ቆማለች። ክሊራንሷን ተቀብያት ጉልበቴ ላይ አድርጌ ፈረምኩ። አቶ ፍሬው ካርዷን አውጥተው ሰጧት። "በይ ግቢ፣ ልጄ! ሩጪ!" አልኳት። ከአውቶቡሱ በር ደረጃ ላይ አንድ እግሯን አሳርፋ ቆመች።

"አልገባም" አለች።

እናቷ ጮኹ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

"እትዬ፣ ሌባ ያሉኝ ሰልፍ ፊት ነው። እዚህ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሰምተዋል። ወር ሙሉ ከእነሱ ጋር ነው የምተኛው፣ የምበላው። እንዲህ ሆኜ አልሄድም።"

ወር ሙሉ አልነበረም፣ ጥቂት ቀን ነው፤ ለእሷ ግን እንደዚያ ነበር የታያት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ። ስልሳ ልጅ አየኝ። ከእነሱ ግማሹን በስም አውቃቸዋለሁ።  "ልጆች፣ ረቡዕ ዕለት ቃልኪዳንን ሌባ ብያታለሁ። ዋሽቻለሁ። ሳጥኑ ተገኝቷል፣ ሰፈሩን ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ። ቃልኪዳን አልሰረቀችም። ጥፋቱ የእኔ ነው።" ማንም አላጨበጨበም፤ ይህ ደግሞ የሚጨበጨብለት ነገር አልነበረም። ልጅቷ ጎኔን ሳትነካ አልፋ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ሾፌሩ "እማማ፣ ይውረዱ፣ ረፍዷል" አለኝ። ወረድኩ።

ጋሽ ሸምሱ ሲመለሱ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ እኔ ጋ መጡ። "በእኔ ነው" ብለው እንባ አወጡ። "ኧረ በእኔ ነው፤ እርስዎማ ጠበቁት" አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ልጅ አናስፈርምም። ጡረታ እስክወጣ መምህሩ፣ የዕድሩ ጸሐፊና እኔ እንፈርም ነበር። ለቅሶም ሠርግም ሲኖር ይደወልልኝ ነበር፤ ለቅሶውንም እደርስ ነበር። ሳጥኖቹ አሁን ሰባት ናቸው። ሰላማዊት፣ ሥራው የሚጀመረው ከዚህ ነው፤ ሻዩ በኋላ ይደርሳል።

የፈተናው ውጤት ሲወጣ ቃልኪዳን ማለፊያው አልሞላላትም። የጎደላት ትንሽ ነው። ሰው ሊያጽናናኝ ሲል "እትዬ ሙሉ፣ ያን ዓመት እኮ ያላለፈው ብዙ ነው" ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ብዙ ነው። ሌሎቹ ግን እነዚያን ሁለት ቀናት ደብተራቸው ላይ ሆነው ነው ያሳለፏቸው። ቃልኪዳን አምስት ፎቅ እየወጣችና እየወረደች የእኔን ሳጥን ስትፈልግ ነበር።